ዝንጀሮ ስንተኛ ቤት ነው?

እናንተዬ፣ ከዝናብ ጋር የተዋዋለ አስተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩ። ባዮሎጂ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ጉያ የተሸጎጠ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ፣ አመሉም ከእኔ የሚብስ ነው። የክፍሌ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ጣል ያደረገ እንደሆነ ሺህ ከበሮ መቺ የቀጠረ ሠርገኛ ጣሪያው ላይ የወጣ ይመስላል። በዚያን ሰዓት አስተማሪ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ተማሪ ያያል፤ ትምህርት ተሰጠ ይባላል።

በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ አንድ ምዕራፍ አለ። ዝግመተ ለውጥ ይባላል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ እጅግ ከረጅም ዘመን ጀምሮ ቀስ በቀስ እየተለወጠ እንደመጣ፣ ሰውም ከዚህ እንዳልቀረ የሚያትት ነው። እኔ ይህን ምዕራፍ የማስተምረው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነው።

አትሳቁ! እናንተ ብትሆኑስ? ከተማሪዎቼ ከፊሉ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፣ ከፊሉ መስጊድ ሰግዶ፣ የቀረው አዳራሽ ዘምሮ ነው የሚመጣው። እኔ ራሴ ጾም የማልሽር፣ የንስሐ አባት ያለኝ ሰው ነኝ። (የንስሐ አባቴ አባ ኃይሌ ይህችን «ጾም የማልሽር» የምትለዋን ሲሰሙ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ጉንፋን ነው፣ አትስሟቸው።) ታዲያ በእነዚህ ሁሉ መሀል ቆሜ ስለ አጥንትና ስለ ዝንጀሮ ልናገር?

በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ይህ ጉዳይ በየዓመቱ ይነሳል። የፊዚክሱ መምህር፣ «እኛ ምን አለብን! ድንጋይ ወደ ላይ ተወርውሮ ወደ ታች ቢመለስ ማን ይቀየመናል?» ብሎ ሻዩን ፉት ይላል። የሒሳቡ፣ «ክርክር ውስጥ አትግባ፤ የገባ አልወጣም» ይላል፣ እንደ ሽማግሌ አንገቱን እየነቀነቀ። ርዕሰ መምህራችን የሰጡኝ መመሪያ ግን በወርቅ ቀለም ተጽፎ የሚሰቀል ነው። «ፈተና ላይ ስለሚመጣ አስተምር» አሉኝ። «ግን እንዳይገባቸው ተጠንቀቅ።»

እስቲ ፍረዱ፣ ይህን መመሪያ ከዝናብ የተሻለ የሚያስፈጽም ማን አለ?

በዚህ ዓመት ግን ውሉን ያፈረሰው ራሱ ዝናቡ ነው። ከእንጦጦ በኩል ደመናው እንደ ከሰል ጠቁሮ ሲመጣ አይቼ መጽሐፌን አንስቼ ሮጥኩ። ክፍል ስገባ መጣል ጀመረ። ርዕሱን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ቆርቆሮው አጨበጨበ። እኔም ማንም በማይሰማኝ ዓለም ውስጥ እንደ ልቤ ሆንኩ። እጄን አወናጨፍኩ። ዓሣውን ከውኃ አወጣሁት፣ ወፏን ላባ አለበስኳት። ልክ ሰው ጋ ስደርስ ዝናቡ፣ መብራት እንደሚጠፋ፣ ድርግም አለ። የገዛ ድምፄ ክፍሉ ውስጥ ሲያስተጋባ ሰማሁት፦

«…ሰውም ቢሆን ያው ነው!»

ጸጥታ። ከፊተኛው ወንበር አንዲት እጅ ተነሳች። ቤዛ ናት። ቤዛ የጠየቀችው ነገር ካልተመለሰላት እጇን አታወርድም፤ የዘንድሮን ጥያቄ ይዛ ወደ ከርሞ የምትሻገር ዓይነት ናት።

«ቲቸር፣» አለች፣ «ታዲያ እኛ ከዝንጀሮ ነው የመጣነው?»

አሁን እውነተኛ አስተማሪ ቢሆን ጠመኔውን አስቀምጦ ያስረዳ ነበር። እኔ ግን የአራዳ ልጅ ነኝ። የአራዳ ልጅ ጥያቄ ሲመጣበት አይመልስም፤ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል።

«እኔ የመጣሁት ከውቤ በረሃ ነው!» አልኩ። «አንቺ ከየት እንደመጣሽ አባትሽን ጠይቂ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደወል ተደወለ። እኔም ግዳይ እንደጣለ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አለፍኩ። ዳግም የሚባለው ልጄ ሊያገባ ነው። የመረጣት ልጅ ህሊና ትባላለች፤ ደግ፣ ጨዋ፣ በእኔ ቀልድ ሳይቀር የምትስቅ ልጅ ናት (ይህ ብቻውን ቅድስና ነው)። አባቷ አቶ መኮንን ፒያሳ ላይ ወርቅ ቤት ያላቸው፣ ቃላቸው እንደ ወርቃቸው የሚመዘን የተከበሩ ሰው ናቸው። በመጪው እሑድ ሽማግሌ ልንልክባቸው ተሰናድተናል። ህሊና ታናሽ እህት እንዳለቻት አውቅ ነበር። የት እንደምትማር ግን አልጠየቅሁም።

ቤዛ አባቷን ጠየቀች።

ፒያሳ ላይ ወሬ ታክሲ አይጠብቅም። በማግስቱ ወርቅ ቤቱ ደጃፍ ላይ «የባዮሎጂው መምህር የአቶ መኮንንን አባት ዝንጀሮ አለ» ተባለ። ማኪያቶ የምጠጣበት ቤት ባንኮኒ ጋ ሲደርስ አያታቸውም ተጨመሩ። አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጅራት ተቀጠለላቸው። ከሰዓት በኋላ አስተናጋጁ ጠረጴዛዬን እየወለወለ፣ ፊቱን እንደ ዳኛ አክብዶ፣ «ቲቸር፣ እንደ ሁልጊዜው ማኪያቶ ነው ወይስ ዛሬ የሙዝ ጭማቂ?» አለኝ።

ቀጥሎ የደወሉልኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ጋሽ ሸምሱ አትክልት ተራ ሽንኩርት በጅምላ የሚነግዱ የረጅም ዘመን ወዳጄና እሑድ ከምልካቸው ሽማግሎች አንዱ ናቸው።

«ቲቸር፣ ምን አድርገህ ነው? እኔ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ሙዝ ይጠይቀኛል። ‹ለማን ነው?› ስል ‹ለቲቸር› ይላሉ፣ ወላሂ!»

ባለቤቴ አስካለ አልጮኸችም። አስካለ ካልጮኸች ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

«አንተ ሰው፣» አለች፣ «ዕድሜ ልክህን ቀልድ ስትወረውር አንድ ቀን ዞር ብለህ አይተሃል፣ ማን ላይ እንዳረፈ?»

ዳግም ደግሞ ከበሩ ጋ ቆሞ፣ «አባዬ፣ እኔ እሷን ለማሳመን ዓመታት ፈጀብኝ። አንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረስከው» ብሎኝ ገባ። ራት አልበላሁም። እሺ፣ በላሁ፤ ግን አልጣመኝም።

እሑድ ሽማግሎቹ ሄዱ። አባ ኃይሌ፣ ጋሽ ሸምሱና ጎረቤታችን ጋሽ ተካ። (ሦስተኛ ሽማግሌ መቼም የሚመረጠው ዝም በማለት ችሎታው ነው፤ ጋሽ ተካ በዚህ ሙያ አቻ የላቸውም።) ሲመለሱ ሦስቱም እግራቸውን እያሹ ነበር።

«ቆምን፣» አሉ አባ ኃይሌ። «‹ተቀመጡ› አሉን። እንደ ወጉ ‹ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም› አልን። ‹እንግዲያውስ ቁሙ› አሉን።»

አያችሁልኝ? ዝንጀሮ እንኳን «መጀመሪያ መቀመጫዬን» ብላለች ይባላል። የእኔ ሽማግሎች በዝንጀሮ የተነሳ መቀመጫ አጥተው ተመለሱ።

«ምን መለሱ ታዲያ?» አለች አስካለ።

«‹በእኛ ቤት ልጅ የሚሰጠው ዘር ተቆጥሮ ነው› አሉ። ‹እስከ ሰባት ቤት። የልጁ አባት ግን የእኔን ዘር ከእኔ ቀድሞ ቆጥሮ ዝንጀሮ ላይ አድርሶታል። በሉ፣ በሚመጣው እሑድ ራሱ ይምጣና የራሱን ይቁጠርልኝ።›»

የሙሽራ አባት በሽምግልና ቀን ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል እንጂ አብሮ አይሄድም። ከአዲስ አበባ መቆርቆር ጀምሮ ተጠርቶ የሄደ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ቢሆንም መቁጠር ምን ገዶኝ! የዘር ቆጠራ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ የሁለቱ ልጆች አያቶች እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ አንድ ሰው ላይ ካልተገናኙ ጋብቻው ይፈቀዳል፤ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው፣ አይሆንም። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ በጣቴ ጀመርኩ። አባቴ ተሰማ። አያቴ ወልዴ። ሦስተኛው ገብሬ። አራተኛው ደስታ። አምስተኛው…

አምስተኛው…

ተነስቼ ተቀመጥኩ። እናንተዬ፣ ክፍል ውስጥ ስቆም ሚሊዮን ዓመት ለእኔ ምንም አይደለም፤ እንደ ሽምብራ ቆሎ ነው የምዘግነው። አከርካሪ ያበቀለውን ሁሉ በተራ እጠራለሁ። የገዛ አምስተኛ አያቴ ግን የገባበት ጠፋኝ። በእናቴ በኩል እስከ ዐሥረኛው አውቃለሁ፤ የእናቴ ወገኖች ወሬ ይወዳሉ። በአባቴ በኩል ደስታ ጋ ስደርስ መንገዱ ገደል ነው።

«አንድ ስም ፈጥሬ ብጨምርስ?» አልኳት አስካለን። «ኃይለ ማርያም የሌለበት ዘር የት አለ? ማን ያውቃል?»

«ውሸት ቆጥረህ ልጅህን ከዘመዱ ጋር ብታጋባውስ?»

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ መንዝ ያሉት አክስቴ እትዬ በለጡ። የእሳቸው ስልክ ደግሞ ጉብታ ላይ ካልወጡ አይሠራም፣ ጉብታ ላይ ለመውጣት ደግሞ ጉልበታቸው እሺ ማለት አለበት። ሳምንቱን ሙሉ ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አልቻሉም» የምትለዋን ልጅ ከመላመዴ የተነሳ ሠርጉ ላይ ልጠራት ምንም አልቀረኝም።

እሑድ ደረሰ። የአቶ መኮንን ቤት ውቤ በረሃ ከመፍረስ የተረፈ ባለ ሰገነት ቤት ነው። ገባን፤ ሽማግሎቹ ቆሙ፤ እኔና አስካለም ቆምን። አቶ መኮንን ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ ዋልታ ቀጥ ብለው ከፊታችን ቆመዋል። ህሊና ጓዳው በር ላይ ከእናቷ ጋር ናት፤ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። አጠገቧ ቤዛ።

«መምህር፣» አሉ አቶ መኮንን፣ «እስቲ ይቁጠሩልን።»

«ተሰማ፣» አልኩ። «ወልዴ። ገብሬ። ደስታ።»

ጠበቁ። ሁሉም ጠበቀ።

«አምስተኛውስ?»

«አምስተኛው… ማስረጃው አልተሟላም።»

«ማለት?»

«ቁፋሮው ቀጥሏል።»

ከኋላዬ ጋሽ ሸምሱ፣ «ድንቅነሽ ናት በላቸውና እንቀመጥ፤ እግሬ አለቀ!» ብለው አንሾካሾኩ። የጋሽ ሸምሱ ሹክሹክታ ጨረታ ላይ ያደገ ስለሆነ ጎዳና ተሻግሮ ይሰማል። ቤዛ አፏን ያዘች። አቶ መኮንን ግን አልሳቁም።

«ይህ ቀልድ አይደለም፣ መምህር። የእኔም አምስተኛ አያት እንደ እርስዎ ወገን የመንዝ ሰው ነው። ሽፈራው ይባላል። የእርስዎም አምስተኛ እሱ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ? ሚሊዮን ዓመት ተሻግረው የእኔን አባት ዝንጀሮ ጋ ያደረሱ ሰው የራስዎ አያት ጋ ሲደርሱ ጨለመብዎት?»

ህሊና ዓይኗ ውኃ ሞላ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ እውነቴን ነው፣ ነገሩ በመጨረሻ በአንድ ቀልድ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። የልጅቷን ዓይን ሳይ በኪሴ የያዝኳቸው ቀልዶች ሁሉ ረገፉ።

በዚህ መሀል የምታውቋት እጅ ተነሳች።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ አሁንም መልስ አላገኘሁም» አለች ቤዛ። «እርስዎ አባትሽን ጠይቂ አሉኝ። አባዬን ጠየቅሁት፤ ተቆጣ። ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ኮርኒስ ነው። በመስኮት ሰማዩን አየሁ። አንድም ደመና የለም። የምሸሸግበት ጠፋ።

«እኔን ነው የምትጠይቂው» አልኳት። «ከዝንጀሮ አልመጣንም፣ ቤዛ። አንቺ ከአጎትሽ ልጅ ተወልደሻል? አልተወለድሽም። ግን አንቺና እሱ አንድ አያት አላችሁ። ሳይንስ የሚለውም እንደዚያ ነው። እኛና ዝንጀሮ ከጥንት፣ እጅግ ከጥንት፣ የምንጋራው አያት ነበረን፤ ከዚያ መንገዳችን ተለያየ። ይህን የሚሉት ደግሞ ከመሬት ተነስተው አይደለም። አጥንቱን ቆፍረው፣ ዕድሜውን ለክተው፣ ደማችንን አመሳክረው ነው።»

«እርስዎ ግን ያምኑበታል?» አሉ አቶ መኮንን።

«አቶ መኮንን፣ ሰው ‹ወርቅ ነው› ብሎ ሲያመጣልዎ ምን ያደርጋሉ?»

«መፈተሻው ድንጋይ ላይ እፈትጋለሁ፤ አሲድ ጠብ አደርግበታለሁ።»

«ቢምልልዎትስ?»

«ቢምልም እፈትጋለሁ።»

«ሊሳለሙ ሲሄዱስ ድንጋዩን ይዘው ይሄዳሉ?»

«ምን ነካዎት! ድንጋዩ ሱቅ ነው የሚቀረው።»

«የእኔም እንደዚያው ነው። ክፍል ስገባ ፈትጌ ያገኘሁትን መናገር አለብኝ፤ ማንም ቢቀየም፣ እኔም ብሆን። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መፈተሻዬ ክፍል ይቀራል። ልጅዎ የጠየቀችው የክፍል ጥያቄ ነበር። እዚያው መመለስ ሲገባኝ በእርስዎ ጫንቃ ላይ ጥዬው ወጣሁ። ጥፋቱ ይህ ነው እንጂ አባትዎን የነካሁ ሰው አይደለሁም።»

አስካለ ዞር ብላ አየችኝ፤ ሌላ ባል የገባ መስሏት። አባ ኃይሌንም ጉንፋናቸው ለቀቃቸው።

አቶ መኮንን ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ። «መልካም ተናገሩ» አሉ በመጨረሻ። «አምስተኛው ግን አሁንም የለም።»

ይህን ጊዜ ነው ኪሴ ውስጥ ስልኬ የጮኸው። እትዬ በለጡ! ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍቼ መሀል ላይ ያዝኩት። ባልከፍተውም ለውጥ አልነበረውም፤ እትዬ በለጡ ርቀቱን የሚያቋርጡት በስልኩ ሳይሆን በጉሮሯቸው ነው።

«አንተ! ይኼን ሁሉ የደወልከው ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ። የደስታ አባት ማን ነበር?»

መንዝ ላይ ነፋሱ ሲያፏጭ ይሰማል።

«አጠገብህ ሰው አለ?»

ዙሪያዬን አየሁ። ቤቱ በሙሉ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። «አሉ» አልኩ፤ «የቤት ሰዎች ናቸው።»

«እንግዲያው ልንገርህ። እንግዳሸት ነው። አባትህ የማይጠራው አፍሮ ነው። እንግዳሸት ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ የወጣ እንደሆነ አገር ተሰብስቦ ካልለመነው አይወርድም ነበር። ‹ጦጣው› ነበር የሚሉት። ልጆቹም ‹የጦጣው ልጆች› እየተባሉ ስለተሰደቡ ስሙን ከቤት አወጡት!»

እንዲህ ያለ ጸጥታ ከዝናቡ ወዲህ አልሰማሁም። መጀመሪያ የፈነዱት አቶ መኮንን ናቸው። ያ ዋልታ የሚያህል ሰው ጎንበስ አሉ፤ ነጠላቸው ወደቀ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ።

«እሰይ! እሰይ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ለካስ የራሱን ዘር ነው ያስተማረው! እኔ ምን ቤት ነኝና ተቀየምኩ!»

እትዬ በለጡ የሚስቀውን ሰው አልሰሙትም፤ አንዴ ከጀመሩ አይቆሙም። «ስድስተኛው ጓንጉል። ሰባተኛው ቸርነት።» አቶ መኮንን ሳቃቸውን ውጠው በጣታቸው ከራሳቸው ጋር አመሳከሩ። ሽፈራው የለበትም። ከእሳቸው ሰባት ውስጥ እንግዳሸትም፣ ጓንጉልም፣ ቸርነትም የሉም። ህሊና የእናቷ ትከሻ ላይ ተደፋች።

«ስምንተኛው ደግሞ፣» አሉ እትዬ በለጡ፣ «እሱስ ጉድ ነው፣ እሱ የነዚያ የ—»

«በቃ!» አለ ቤቱ በአንድ አፍ። አባ ኃይሌ መስቀላቸውን አነሱ፤ «በሰባት ቆመናል! ከሰባት በላይ አንሰማም!» ጋሽ ሸምሱ ስልኩን ሊነጥቁኝ ተንጠራሩ። ጋሽ ተካም፣ ሽማግሌ ከሆኑ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አፋቸውን ከፈቱ፦ «ዝጋው!»

ዘጋሁት። እትዬ በለጡ አሁንም ጉብታው ላይ ቆመው እየቆጠሩ ሳይሆን አይቀርም።

«አባ፣» አለች ቤዛ፣ «የእኛና የዝንጀሮው አያት ስንተኛ ቤት ነው?»

አባ ኃይሌ ጺማቸውን ዳበሱ። «ከሰባት በላይ ነው፣ ልጄ። ከሰባት በላይ ያለ ዘመድ ጋብቻ አይከለክልም። ሠርግም አይጠራም።»

«አሚን!» አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ «አሁንስ እንቀመጥ?»

«ልጃችንን ሰጥተናል፤ ተቀመጡ» አሉ አቶ መኮንን። ሽማግሎቹ ተቀመጡ። ወንበሮቹ ከሰው ይልቅ የተደሰቱ መሰለኝ።

በማግስቱ ያንኑ ምዕራፍ ይዤ ክፍል ገባሁ። ገና ከመጀመሬ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደልቀው ጀመር፤ ውላችን ያልፈረሰ መስሎታል። ጠመኔዬን አስቀምጬ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቹ ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ። እስኪያባራ ድረስ አፌን አልከፈትኩም። ሲያባራ ተነሳሁ፤ ከዓሣው ጀመርኩ፤ በሚሰማ ድምፅ።

ሰው ጋ ስደርስ ቤዛ እጇን አነሳች።

«ቲቸር፣ ስምንተኛው አያትዎ ግን ማን ነበር?»

«አባት—» ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ክፍሉ ጠበቀ።

«አላውቅም፣ ቤዛ» አልኩ። «ግን ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው። ሠርጉ ይለፍና አብረን እንቆፍራለን።»